አይፎንህን ፈልጌው ነው

ወንድምዓለም፣

እንዴት ነህ? የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? መጥፋቴን አውቃለሁ። ሥራ በዛ፣ ቤት ቀየርን፣ ምናምን። በቃ ይቅርታ፣ እንለፈው። አንተም ብትሆን ደውለህ አታውቅም፤ ዕዳችን ይቻቻል።

በናፍቆት ብቻ የጻፍኩ እንዳይመስልህ። ናፍቀኸኛል፣ እሱ ሌላ ነው። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ አይፎንህን ፈልጌው ነው። አትሳቅ። እዚህ ሐዋሳ አይፎን ያለው የማውቀው ሰው ሁሉ ስልኩን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከእጁ አያወጣም። አንተ ደግሞ ጫማህን ሳይቀር ያዋስከኝ ሰው ነህ። (የቱን ጫማ እንደሆነ ታውቃለህ። አልመልስም።)

ነገሩ የእህቴ የዓሣ ሂሳብ ነው። አዎ፣ ያቺ አንተን ባየች ቁጥር የምትቆጣዋ። አሁንም ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል ወርዳ ከአጥማጆቹ ትረከባለች፣ ለሆቴልና ለምግብ ቤት በዱቤ ታደርሳለች። ቆሮሶው ስንት ኪሎ ሄደ፣ አምባዛው ስንት፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ሁሉም ያለው አንድ ደብተር ላይ ነው። ደብተሩን ብታየው! ውኃና ቅርፊት በልቶት ሦስትና ስምንት አይለይበትም። «ኮምፒዩተር ተማርኩ ትል የለ? እስቲ በስልክ አድርግልኝ» አለችኝ። እምቢ አይባል።

አንዲት ገጽ ሠራሁላት። አፕ አይደለም፣ ብሮውዘር ላይ የምትከፈት ተራ ድረ ገጽ ናት። የደንበኛው ስም፣ የዓሣው ዓይነት፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ ከታች «መዝግብ» የሚል ቁልፍ። ቤት ውስጥ በዋይፋይ ሲሞከር ምንም እንከን አልወጣላትም። ሐይቁ ዳር ግን ሌላ ጉድ። ሰዉ ሲበዛ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ጭራሽ ተወው። እሷ «መዝግብ»ን ትጫናለች፣ ክቡ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ያ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚመጣው የክሮም ዳይኖሰር ብቅ ይላል። ደወለችልኝ። «ይሄ እንሽላሊት ምንድን ነው? ሂሳቤን በላው እንዴ?»

በልቶት ነበር።

ዳይኖሰሩን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ እሱን እየተጫወትክ ስንት የሥራ ሰዓት እንደገደልክ አለቃህ አልሰማም። ክሮም ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ወደ ቅድመ ታሪክ ዘመን ተመለስክ ለማለት የተሠራ ቀልድ ነው። ከጀርባው ግን ቁም ነገር አለ። የጠየቅከው ተራ ገጽ ከሆነ ኔትወርክ ሲመለስ ክሮም ራሱ ደግሞ ይሞክርልሃል። ፎርም ሞልተህ የላክህ ከሆነ ግን አይነካውም። ሪፍሬሽ ስትል «የላክኸውን እንደገና ልላከው ወይ?» ብሎ ይጠይቅሃል። ሁለት ጊዜ እንዳትከፍል፣ ሁለት ጊዜ እንዳታዝ ፈርቶ ነው። ጥሩ ፍርሃት ነው። እህቴ ግን ጥያቄው በመጣ ቁጥር ተደናግጣ ትዘጋዋለች።

ያኔ በኖኪያ ጊዜ ይሄ ሁሉ አልነበረም። ኦፔራ ሚኒ ነበር። ገጹን የራሱ ሰርቨር (ሩቅ ያለ ኮምፒዩተሩ) ቀድሞ ይከፍትና አጭቆ ይልክልሃል፣ ዳታውን እስከ 90 በመቶ ይቀንሰዋል። ክሮምም እንደዚያ ያለ ዳታ ቆጣቢ ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 አነሱት። ከምክንያታቸው አንዱ በብዙ አገር የሞባይል ዳታ ረክሷል የሚል ነበር። የት እንደረከሰ ስታውቅ ንገረኝ፣ እንሂድ።

የእኔ ችግር ግን ዳታ ማነስ አይደለም፣ ጭራሽ መጥፋቱ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላል ነገር ነበር። ብሮውዘሩን «ኢንተርኔት አለህ?» ብዬ ልጠይቀው፣ ካለው ልላክ፣ ከሌለው ላስቀምጥ። ናቪጌተር ኦንላይን የሚባል ነገር አለ፣ ይመልስልሃል። «የለኝም» ካለህ እመነው። «አለኝ» ካለህ ግን አትመነው። ዋይፋዩን ከሚያድለው ሣጥን፣ ከራውተሩ ጋር ከተገናኘ ለእሱ ይበቃዋል። ከራውተሩ ማዶ ያለው መስመር ይሙት ይዳን አያውቅም። ስለዚህ መጠየቁን ተውኩት። ሁልጊዜ መጀመሪያ ስልኩ ላይ አስቀምጥ፣ ከዚያ ለመላክ ሞክር። መዝገቡን የሚቀበለው ሰርቨር «ደርሶኛል» ካላለ አልደረሰም በል።

ይሄንን የሚያስችለው ሰርቪስ ወርከር የሚባል ከገጹ ጀርባ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ግቢ በር ላይ እንደተቀመጠ ዘበኛ አስበው። ገጹ የሚልከውም የሚመጣለትም በእሱ በኩል ያልፋል። ኔትወርክ ካለ ያሳልፋል፣ ከሌለ ከራሱ ካሽ፣ ማለትም ቀድሞ ካስቀመጠው ቅጂ፣ አውጥቶ ይሰጣል። ገጹ ራሱ፣ ቁልፉ፣ ፊደሉ፣ ሁሉም ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል። በፊት አፕካሽ የሚባል ለዚሁ የታሰበ ነገር ነበር። አሮጌውን ገጽ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ አዲሱን እያስቀረ ሰዉን አስመረረ፣ በመጨረሻ ከብሮውዘሮቹ ወጣ። ሰርቪስ ወርከር ክሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ፋየርፎክስ ላይ በ2016፣ የአይፎን ብሮውዘር በሆነው ሳፋሪ ላይ በ2018 ገባ። አስተውል፣ ሳፋሪ መጨረሻ ላይ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሰርቪስ ወርከር ከኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም ከተመሰጠረ መስመር፣ ውጪ አይሠራም፤ የራስህ ኮምፒዩተር ላይ ስትሞክር ብቻ ይፈቀድልሃል። ልክ ነው። መሀል መንገድ ላይ ያለ ሌባ የራሱን ዘበኛ ቢተክልብህ መስመሩ ከተስተካከለ በኋላም አይለቅህም።

ያለቀ ቀን ስልኬን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አደረግኩት። ገጿን ከፈትኩ። ተከፈተች! «15 ኪሎ አምባዛ» ብዬ መዘገብኩ። አጠገቡ ትንሽ ቢጫ ነጥብ መጣች፤ ገና አልተላከም ማለት ነው። ኤሮፕሌን ሞዱን አጠፋሁ፣ ነጥቧ አረንጓዴ ሆነች። ብቻዬን ክፍል ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሮጬ ለእህቴ አሳየኋት። አየችው፣ አየችኝ። «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው? ደብተሬም ያለ ኔትወርክ ይከፈታል» አለች። ምን ትላታለህ?

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ያው 15 ኪሎ አምባዛ ሰርቨሩ ላይ ሁለት ጊዜ ገብቶ አገኘሁት። ገረመኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። መዝገቡ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል፣ ሰርቨሩም «ደርሶኛል» ብሏል። ግን መልሱ ወደ ስልኩ ሲመጣ ኔትወርኩ መሀል ላይ ጠፋ። ስልኩ መልስ ስላላገኘ አልደረሰም ብሎ ደግሞ ላከ። ላኪው መልእክቱ ይጥፋ መልሱ ይጥፋ ከቶ መለየት አይችልም። ሁለቱም ለእሱ ያው ዝምታ ናቸው። አንተና እኔ በዚህ ዓመት እንደሆንነው ማለት ነው፣ ሆሆ። ይሄ ሙከራ ላይ ባይወጣና አንድ የሆቴል ገንዘብ ያዥ ያልበላውን አምባዛ ቢጠየቅ ኖሮ እህቴ ሐይቁ ውስጥ ትጨምረኝ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት። «መዝግብ» በተነካ ሰዓት ስልኩ ራሱ ለዚያ መዝገብ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። መቶ ጊዜ ቢልከው ቁጥሩ አይለወጥም። ሰርቨሩ ቁጥሩን ካየው «ይሄማ አለኝ» ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል፣ አይደግመውም። አሁን ስልኩ እንዳሻው ይነዝንዝ። ይሄን ካደረግኩ ወዲህ እንቅልፌ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

እሷ ግን አይፎን ተላከላት።

ባሏ ከዱባይ። ያገለገለ ነው፣ ግን ንጹሕ። እንዴት እንደምትይዘው ብታይ፣ ዓሣውን በአንድ እጅ እሱን በሌላ። ጉዱ ምን መሰለህ፣ ክሮም ላይ ባክግራውንድ ሲንክ የሚባል ነገር አለ። ገጹን ዘግተኸው ብትሄድም ኔትወርክ ሲመለስ ብሮውዘሩ ዘበኛውን ቀስቅሶ «የቀረህን ላክ» ይለዋል። ሳፋሪ ላይ የለም። ስለዚህ እሷ ገጿን ካልከፈተች ቢጫዎቹ ነጥቦች ቢጫ ሆነው ይቀመጣሉ። እሺ፣ ይሄንን «ማታ ማታ ቤት ስትገቢ ክፈቺው» ብዬ እወጣዋለሁ።

የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አንድ ሕግ አለው። ሳፋሪን እየተጠቀምክ አንድን ድረ ገጽ 7 ቀን ካልነካኸው፣ ያ ገጽ ስልክህ ላይ ያስቀመጠውን ጠራርጎ ያጠፋዋል። ካሹን፣ መዝገቡን፣ ዘበኛውን ሳይቀር። ያደረጉት ሰውን የሚከታተሉ ማስታወቂያዎችን ለመከላከል ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን እህቴን አስባት። ለቅሶ ይመጣል፣ አገር ቤት ትሄዳለች፣ እዚያ ከርማ ትመጣለች። ያልተላከ ዱቤ ስልኩ ላይ ቢኖርስ? የአንድ ጠዋት ዱቤ ማለት እኮ ለእሷ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

መውጫ አለው ይላሉ። ገጹን ሆም ስክሪን ላይ ካስቀመጥከው እንደ አፕ ይቆጠራል፣ ያ የ7 ቀን ሕግ አይነካውም። ይላሉ ነው የምልህ። እኔ በዓይኔ ሳላይ የሰው ገንዘብ አላስቀምጥበትም። በእሷ ስልክ ደግሞ ልሞክር አልችልም፣ ሥራ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ደብተሩን እንዳትጥለው ነግሬያታለሁ። «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ነው ያልኳት። እውነቱ ግን እስካሁን ገጹን ስላላመንኩት ነው። ሁለቱንም ትጽፋለች፣ እኔ ማታ ቁጭ ብዬ አስተያያለሁ። እሷ ለመዝናናት የማደርገው ይመስላታል። እንዳትነግራት። ደግሞ ስትደውልላት ሰምቻለሁ፤ ለእሷ ትደውላለህ፣ ለእኔ አትደውልም!

ስለ... ተወው። ልጠይቅህ ነበር፣ ሰው አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። ልትነግረኝ ስትፈልግ ትነግረኛለህ። እውነት ከሆነ ግን ከሌላ ሰው መስማቴ ደስ አላለኝም። ሽማግሌ ከፈለግህ እኔ አለሁ፣ ጺሜም ትንሽ ሸብቷል።

በል ወደ ጉዳያችን። ሊንኩን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። በሳፋሪ ክፈተው፣ በሌላ አይሆንም። መጀመሪያ ሆም ስክሪንህ ላይ አስቀምጠው፣ ከዚያ ወደ ሳፋሪው ተመለስ። አንድ የፈለግከውን ዓሣ መዝግብ፤ ከመመዝገብህ በፊት ኤሮፕሌን ሞድ አድርገው፣ ነጥቧ ቢጫ እንድትቀር። ኤሮፕሌን ሞዱን ከማጥፋትህ በፊት ገጹን ዝጋው። ከዚያ ሆም ስክሪንህ ላይ ባስቀመጥከውም በኩል ሌላ ዓሣ እንደዚያው መዝግብ። ሁለቱ የየራሳቸው ማስቀመጫ ስላላቸው አይቀላቀሉም። ከዚያ ከሳምንት በላይ ሁለቱንም አትንካቸው። ሳፋሪን ለሌላ ነገር እንደ ልማድህ ተጠቀም፣ ኳስ እይበት። ዝም ብሎ መክረም እንደማያቅትህ ስለማውቅ ነው አንተን የመረጥኩት።

ጊዜው ሲደርስ ስልኩን መጀመሪያ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርገህ ሁለቱንም ክፈት፣ ያገኘኸውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ኔትወርክ ካለ ይላኩና ማስረጃው ይጠፋል። በመሀል ደግሞ ሴቲንግ ገብተህ የሳፋሪን ሂስትሪ እንዳታጸዳ፤ ለምን እንደምታጸዳው አውቃለሁ፣ ግን ለዚህች ሳምንት ታገሥ።

እማማን ሳምልኝ።

ያው ጓደኛህ
ከሐዋሳ