ለኮራል ገንዳ ከመብራቱ በፊት ውሃው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የኮራል ገንዳ፣ ማለትም ሕያው ኮራልና የባሕር ዓሣ የሚያዝበት የጨው ውሃ ገንዳ፣ የሚጀምሩ ብዙዎች ገንዘባቸውን መብራት ላይ አፍስሰው ውሃውን ከቧንቧ ይቀዳሉ። መብራት ለኮራል የግድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። የቧንቧ ውሃ ፎስፌትና ሲሊኬት ከያዘ አልጌ ያበዛል፤ ጥቂት መዳብ እንኳ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ውሃን በስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጠራው የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ነው፤ የቀሩትን የሟሙ ማዕድናት የሚያስወግድ ዲአዮናይዜሽን ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ቀጥሎ የውሃን ጨዋማነት የሚለካው ሪፍራክቶሜትር። ጨዋማነቱ በሺህ 35 አካባቢ ይሁን፤ መሣሪያውም በንጹሕ ውሃ ብቻ ሳይሆን ልኩ 35 በሆነ መፈተሻ ፈሳሽ ይስተካከል። ውሃ ሲተን ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ጨዋማነቱን በየቀኑ ከፍ እያደረገ ነው።

ለ200 ሊትር ገንዳ አንድ ባለ 200 ዋት ማሞቂያ ከመግዛት ሁለት ባለ 100 ዋት እመርጣለሁ። የማሞቂያው ሙቀት መቆጣጠሪያ (ቴርሞስታት) ሲበላሽ እንደበራ ሊቀር ይችላል፤ አነስተኛው ማሞቂያ ብቻውን ገንዳውን ለማጋል ይከብደዋል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል። የውሃ ማዘዋወሪያ ፓምፕም አይቀሬ ነው፤ በሰዓት የገንዳውን መጠን ቢያንስ 20 እጥፍ ያንቀሳቅስ።

የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመር ለትንሽ ገንዳ ሊቆይ ይችላል፤ በየሳምንቱ 10 በመቶ ውሃ መቀየር ከተቻለና ዓሣው ጥቂት ከሆነ። በብርሃን ጀርሞችን የሚገድለው የአልትራቫዮሌት ማጣሪያ ለጀማሪ አያስፈልግም። በዚያ ገንዘብ የአልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም፣ መመርመሪያ ይገዛ።

አንባቢያችሁ