ኮሌጅ ስላቋረጠው ሰው፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ከረማችሁ? የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት እጃችሁ ገብቷል። ስለ እሱ በወላጆች ቀን በሰፊው እናወራለን። ዛሬ የምጽፍላችሁ ሰሞኑን ከፍ ባሉት ክፍሎች ስለሚናፈስ ወሬ ነው።

የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ ለምን ሲባል "ስቲቭ ጆብስ እኮ ኮሌጅ አቋርጦ ነው ቢሊየነር የሆነው" ይላል። መምህራኑ መጀመሪያ ሰሞን ስቀው አለፉት። አሁን ግን መልሱ እየተለመደ መጥቷል። አንዳንዶቻችሁም ይህንኑ ቤት ውስጥ እንደምትሰሙ ነግራችሁኛል። እንግዲያው አፕል የሚባለውን የኮምፒውተርና የስልክ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነውን የዚህን አሜሪካዊ ታሪክ ሙሉውን እናንሳው። ግማሹን ይዘን ከተከራከርን የሚረቱን እነሱ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዎ፣ አቋርጧል። በ1972 ፖርትላንድ ከተማ የሚገኘው ሪድ ኮሌጅ ገባ፤ ከአንድ መንፈቀ ዓመት በኋላ ተወው። ምክንያቱን ራሱ በ2005 ለስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ተናግሯል። ክፍያው ውድ ነው፤ ወላጆቹ ያጠራቀሙት ገንዘብ እያለቀ ነው፤ እሱ ደግሞ የትምህርቱ ጥቅም አልታየውም። ልጆቻችን ወሬውን እዚህ ላይ ያቆሙታል።

ጆብስ ግን ምዝገባውን ተወ እንጂ ከግቢው አልወጣም። ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ጓደኞቹ ክፍል ወለል ላይ እየተኛ፣ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ እየመለሰ ሳንቲም እየቃረመ፣ ደስ ያለውን ትምህርት እየመረጠ ይከታተል ነበር። ማርክ የለም፣ ዲግሪ የለም። እሱ ግን ክፍል ይገባል። ከእነዚያ ትምህርቶች አንዱ የፊደል አጣጣል ጥበብ ነበር። የፊደል ቅርጽ እንዴት እንደሚያምር፣ በፊደልና በፊደል መካከል ምን ያህል ክፍተት እንደሚተው ተማረ። ያኔ ምንም አልጠቀመውም። በ1984 የአፕል ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲወጣ ግን የሚያማምሩ ልዩ ልዩ ፊደሎች ይዞ ወጣ። ስለዚህ ልጃችሁ "ጆብስ አቋርጧል" ካላችሁ "ካቋረጠ በኋላስ ምን ሲሠራ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁልኝ።

ሌላም አለ። አፕል በ1976 ሲመሠረት የመጀመሪያውን ማሽን የነደፈው የጆብስ ሸሪክ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነው። እሱም ትምህርቱን አቋርጦ ነበር። ሀብታም ከሆነ በኋላ ግን ወደ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ በ1986 ዲግሪውን ያዘ፤ ያውም ምንም ሳይቸግረው። ይህኛው ወሬ ለምን ክፍል ውስጥ እንደማይናፈስ መቼም አይጠፋችሁም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ ነው፤ የወላጆቹ። ጆብስን በጉዲፈቻ ያሳደጉት ፖልና ክላራ ጆብስ ናቸው። ክላራ ኮሌጅ፣ ፖል ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን እንኳ አልጨረሱም። ፖል እጀ ወርቅ ነበር፤ አሮጌ መኪና እየገዛ፣ እያደሰ ይሸጣል። ልጁ አምስት ስድስት ዓመት ሲሆነው ጋራዡ ውስጥ ካለው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ከፍሎ "ይሄ ያንተ ነው" አለው። ትንንሽ መሣሪያዎችም ሰጠው፤ መዶሻና መጋዝ እንዴት እንደሚያዝ አሳየው። አጥር ሲሠሩም ሆነ ቁም ሣጥን ሲሠሩ፣ ማንም የማያየው ጀርባው ጭምር በደንብ መሠራት እንዳለበት ያስተምረው ነበር። ልጁ አድጎ የማኪንቶሽን ሥራ ሲመራ፣ ተጠቃሚው ከፍቶ የማያየው የውስጥ ሰሌዳ ሳይቀር እንዲያምር መሐንዲሶቹን ያስጨንቅ ነበር። የሠሩት ሰዎች ፊርማም ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተቀርጿል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ይህ ልጅ መከራ ነበር። ይሰለቻል፣ ይረብሻል፣ ወደ ቤት ይባረራል። አባቱ ልጁን ከመቆጣት ይልቅ መምህራኑን "ትምህርቱ እንዲስበው ማድረግ ካቃታችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው" አላቸው ይባላል። ለርዕሰ መምህር ደስ የሚል ንግግር አይደለም። ቢሆንም ሰውዬው እውነት አለው።

አራተኛ ክፍል ላይ ኢሞጂን ሂል የሚባሉ መምህርት አጋጠሙት። አንድ የሒሳብ መልመጃ ደብተር ሰጡትና ከጨረሰ ትልቅ ከረሜላና 5 ዶላር ቃል ገቡለት። ጉቦ በሉት። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ግን ልጁ ያለ ጉቦ መማር ጀመረ። እኚህ መምህርት ባይኖሩ ኖሮ እስር ቤት እንደሚገባ ጆብስ ራሱ በኋላ ተናግሯል። በዓመቱ መጨረሻ ተፈተነና ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ይዝለል አለ። ወላጆቹ አንድ ይበቃዋል ብለው እምቢ አሉ። ዘሎ የገባበት ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ትልልቆቹ ሲያስቸግሩት ያላቸውን አሟጠው የተሻለ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ቤት ገዙ።

ጆብስን በጠባዩ አርአያ አድርጌ እያቀረብኩላችሁ እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። የሥራ ባልደረቦቹን ያዋርድ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁንም ለዓመታት ልጄ አይደለችም ብሏል። ስኬት ይህን አያጥብም። ልጆቹ ከጠየቋችሁ አትሸፋፍኑላቸው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ቤታችሁ ውስጥ ለልጁ ጥግ ስጡት። ጋራዥ አያስፈልግም፤ የጠረጴዛ ጫፍ ይበቃል። የሚፈታውና የሚገጥመው ነገር ይኑር፤ ቢዝረከረክም ታገሡት። ስልክ ላይ ደግሞ ልክ ይኑር። ጆብስ ራሱ አይፓድ የተባለውን የአፕል ታብሌት ለዓለም ሸጦ፣ ልጆቹ ቤት ውስጥ ቴክኖሎጂ የሚጠቀሙበትን መጠን እንደሚገድብ ለጋዜጠኛ ተናግሯል። ልጃችሁ "ትምህርት ሰለቸኝ" ካለ ደግሞ ከመቆጣታችሁ በፊት ለክፍል ኃላፊው ደውሉ። ለእኔም ደውሉ። ሰበብ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ድክመትም ሊሆን ይችላል። አብረን እናጣራለን።

በእኛ በኩል ቤተ ሙከራው አጠገብ ባለው ባዶ ክፍል የመፍታትና የመጠገን ሰዓት እንጀምራለን። አናጺ፣ መካኒክ፣ ልብስ ሰፊ፣ ኤሌክትሪሺያን የሆናችሁ ወላጆች መጥታችሁ ብታሳዩዋቸው ደስታውን አንችለውም፤ ዲግሪ አንጠይቅም። የተበላሸ ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ የቁልፍ ሰሌዳና የእጅ ባትሪ ላኩልን። የድሮ ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ ግን አደራ አትላኩ፤ ከሶኬት ተነቅለውም ቢሆን ውስጣቸው የሚቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ያበጠ የስልክ ባትሪም እንዲሁ ይቅር። ዕቃውን ጥበቃው ጋ ስታስረክቡ የልጁን ስምና ክፍል ጻፉበት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህር