የሞንትሪያል ስምምነት እስከ ፍሪጅ ጠጋኙ ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ዓለም አቀፍ ሕግ ኃያላንን ካላስቆመ ምን ይፈይዳል የሚሉ አስተያየቶች በዓምዳችሁ እናነባለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን የመንግሥታቱ ማኅበር የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልጨመረም፤ የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ነበር።

ቀዳዳው የተደፈነ ውልም ግን አለ፤ በሰበታና በገላን ያለ ፍሪጅ ጠጋኝ ሁሉ ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል የኦዞን ንጣፍን በሚጎዱ ጋዞች ከአባላት ውጭ መነገድን ስለከለከለ፣ ውጭ መቅረት ለማንም አላዋጣም። ለታዳጊ አገራት ደግሞ የተራዘመ ጊዜና የጋራ ፈንድ ሰጠ። ዛሬ 198 አባላት አሉት። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን አር-22 የተባለ የማቀዝቀዣ ጋዝ እኛን በመሰሉ አገራት እ.ኤ.አ. በ2030 ማስገባት ይቆማል፤ ለነባር ማሽኖች ጥገና ብቻ ጥቂት መጠን እስከ 2040 ይፈቀዳል።

የሚያሳዝነው፣ ውሉ የሚፈርሰው መጨረሻው እርከን ላይ ነው። ብዙ ቦታ በጥገና ጊዜ የማሽኑ ቱቦ ተቆርጦ ጋዙ አየር ላይ ይለቀቃል። ትክክለኛው አሠራር በመሰብሰቢያ ማሽን ወደ ባዶ ሲሊንደር መሳብ ነው፤ ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ሲሊንደሩ ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም። ከዚያ የሚያፈሰው ቦታ በናይትሮጅን ግፊት ተፈልጎ ይበየዳል፣ እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ይወጣል፣ አዲሱ ጋዝም ማሽኑ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ በሚዛን ይገባል። የሚያፈሰውን ሳይደፍኑ ጋዝ መጨመር ደንበኛውን ሁለቴ ማስከፈል ነው።

የተጻፈበት ሌላ፣ በውስጡ ያለው ሌላ የሆነ ሐሰተኛ ሲሊንደርም ሌላው ጣጣ ነው። አር-134ኤ የተባለው የፍሪጅ ጋዝ በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠለል 4.7 ባር ግፊት ያሳያል፤ በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ወደ 5 ይጠጋል። ከ8 ካለፈ በውስጡ ያለው ሌላ ጋዝ ነው። ልኩ መግጠሙም አያስተማምንም፤ ሜቲል ክሎራይድ የተባለ አደገኛ ኬሚካል የተቀላቀለበት ጋዝ ተመሳሳይ ግፊት ሊያሳይ ይችላል፣ አሉሚኒየም ሲያገኝ ግን እስከ መፈንዳት ይደርሳል። ይህን ጌጅ አይለየውም፤ የጋዝ መለያ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ፍተሻው ከወርክሾፑ በፊት ጉምሩክ ላይ መጀመር አለበት። ላኪ አገር ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት ለተቀባዩ የሚያሳውቅበት የፈቃደኝነት አሠራር በአባላቱ መካከል ስላለ፣ አገራችን በሚገባ ትጠቀምበት። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም በአቃቂ፣ በሰበታና በለገጣፎ መስመር ያገለገለ ጋዝ መረከቢያና በጋራ የሚከራይ መሰብሰቢያ ማሽን ያቋቁሙ፤ ጠጋኙ ጋዙን አየር ላይ የሚለቀው በአብዛኛው የሚያስረክብበት ቦታ ስለሌለው ነው።

የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያዎች፣ ከገላን