ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምኖረው አዳማ ነው። በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። መስኮት ላይ ለቆመ ደንበኛ «ሲስተም የለም» ሲባል፣ ከጀርባ የሚታማው ሰው እኔ ነኝ። ሁሌም ሰበባችን መብራት ነው። ከቢሯችን ፎቅ ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ይታያሉ፤ አዳማ አንድና ሁለት ሲደመሩ የማመንጨት አቅማቸው 204 ሜጋ ዋት ነው። እኛ ጋ ግን ይጠፋል። ይሁን፣ የዛሬው ጉዳዬ መብራት ከመጣ በኋላ ያለው ነው።

አምና አዲስ ሰርቨር ገዛን። የአቅራቢው ልጆች መጥተው አንዱን ሰርቨር በሚከፋፍለው በፕሮክስሞክስ ሶፍትዌር ሦስት ቨርቹዋል ማሽን አደረጉት፤ እያንዳንዱ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ይሠራል። አንዱ ለሂሳብ፣ አንዱ ለፋይል፣ ሦስተኛው ለዛቢክስ። ዛቢክስ ሰርቨር የሚከታተል ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ዲስክ ሲሞላ ወይም አገልግሎት ሲቆም ቴሌግራም ላይ መልእክት ይልካል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ርክክቡን ፈረምኩ። ፊርማው የኔ ነው፤ ጥፋቱም።

አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። የቢሯችን ጥበቃ ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ ያ ሳጥንህ ሲጥ ሲጥ እያለ መቀመጫ ነሳኝ» አሉኝ። ዩፒኤሱ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየን ሳጥን። በዚያ ሰዓት ባጃጅ ከየት ይመጣል? በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ መብራት ተመልሷል፣ ሰርቨሩም በራሱ ተነስቷል። ውስጡ ያሉት ሦስቱ ማሽኖች ግን አንዳቸውም አልተነሱም። «ሰርቨሩ ሲነሳ አብረህ ተነስ» የሚለው ቦታ ላይ ምልክት አልተደረገም ነበር። ካልነኩት በቀር ጠፍቶ ነው የሚመጣው። የሚጠብቀውም የሚጠበቀውም አንድ ሳጥን ውስጥ አብረው ወድቀው፣ ማን ይንገረኝ?

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ፈለጉ። የዛቢክስ የመጨረሻ መዝገብ 23:40 ይላል። «ይሄማ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ነው፤ ያኔ ቤቴ ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር፣ መብራት አልጠፋም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ማሽኑ ሲተከል ሰዓቱ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ቀርቷል። ሦስት ሰዓት ሲጨመርበት በፈረንጅ 2:40፣ በኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ይሆናል። ፈረንጅ ሁለት ዓይነት ሰዓት አምታቶ ይኖራል፤ እኛ ሦስት ዓይነት አለብን። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ላይ አድርጌ ከዚህ ጭቅጭቅ ተገላገልኩ።

ከዚያ ዛቢክስን አውጥቼ ለጨረታ በተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ፣ በቨርቹዋልቦክስ ተከልኩት፤ እሱም በተራ ኮምፒውተር ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳ ሶፍትዌር ነው። ለምን በቀጥታ አልጫንከውም ትሉኝ ይሆናል። ዴስክቶፑ አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም፤ ያኔ ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስነሳዋለሁ። 4 ጊጋ ራም ሰጠሁት፣ 90 ቀን የሚያቆየውን የክትትል መዝገብ ወደ 30 ቀን አወረድኩ። ያለዚያ ዳታቤዙ ዲስኩን ይበላዋል። ያስለቀሰኝ ኔትወርኩ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ዝም ከተባለ «ናት» (NAT) በሚባል የኔትወርክ አሠራር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ማሽኑ 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ይዞ ውጭውን ያያል፣ ከውጭ ግን ማንም አያየውም። ሰርቨሮቹ የዛቢክስ መግቢያ በር በሆነው በ10051 ፖርት ሊያናግሩት ሲሞክሩ መልስ የለም። «ብሪጅድ» አድርጌ፣ ማለትም እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር በቀጥታ ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ማገናኘት እንደነበረብኝ እስኪገባኝ ግማሽ ቀን ኬብል ስነቅልና ስሰካ ዋልኩ።

አሁን መብራት ሲመለስ ዴስክቶፑም ቨርቹዋል ማሽኑም በራሳቸው ይነሳሉ። የራሱ ዩፒኤስ አለው፣ የኢንተርኔቱ ራውተርም እዚያው ላይ ተሰክቷል። በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «አለሁ» የሚል መልእክት ይልክልኛል። ቀረ ማለት ችግር አለ ማለት ነው።

ይህን ለጋዜጣ የምጽፈው ጓደኞቼ በሌሎች መሥሪያ ቤቶች ያንኑ ርክክብ እየፈረሙ ስለሆነ ነው። ግዥ ክፍሎች የሰርቨሩን ሲሪያል ቁጥር አንድ በአንድ ያመሳክራሉ፤ ሲጠፋና ሲበራ ምን እንደሚሆን ግን አይጠይቁም። እባካችሁ፣ የደንበኛ መረጃ ከመግባቱ በፊት፣ አቅራቢው ቆሞ እያየ ሶኬቱን ንቀሉት። ሩብ ሰዓት ቆዩና መልሳችሁ ሰኩት። ማንም ኪቦርድ ሳይነካ ሁሉም ከተነሳ፣ መልእክቱም ስልካችሁ ላይ ከገባ፣ ያኔ ፈርሙ።

ጋሼ ግን ዛሬም ዩፒኤሱ ሲጮህ ይደውላሉ። ሁለት ጊዜ ዛቢክስን ቀድመውታል።

የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዳማ