ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ተሽሎታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ስላቃተኝ ነው። ወንድምሽ ባለፈው እሑድ ሲመጣ፣ ከሕግ ትምህርትሽ መልስ አንድ ደላላ ዘንድ ውል እየጻፍሽ ኪስሽን እንደምትደጉሚ፣ ምስክር ሲጎድልም በምስክርነት እንደምትፈርሚ እየሳቀ አጫወተን። እናትሽ በልጇ ብርታት ኮራች፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

መሥራትሽን አልጠላሁም። የጥብቅና ፈቃድ ሳይኖር በክፍያ የጥብቅና ሥራ መሥራት ክልክል መሆኑን፣ አዋጅ ቁጥር 1249/2013ን እየጠቀስሽ ለአጎትሽ ስታስረጂው የሰማሁት ከራስሽ አንደበት ስለሆነ፣ ውል ጽፎ ገንዘብ መቀበል ከዚያ ይቆጠር አይቆጠር አንቺው ለራስሽ መልሺ። እኔ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ደላላው ቢቸኩል፣ ሻጭና ገዢ ቆመው ቢጠብቁሽ፣ «ምስክር እኮ ለወጉ ነው» ቢሉሽም አትፈርሚ።

የአክስትሽን ነገር በከፊል ታውቂዋለሽ። ላሞቿን፣ ቀጥሎም ቤቷን ሸጣ የሰው ዕዳ እንደከፈለች በቤታችን ያልተነገረበት በዓል የለም። ያልተነገረው የእኔ ድርሻ ነው። በ1998፣ አንቺ ገና ድክ ድክ ስትዪ፣ አንድ የምናውቀው ነጋዴ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዞ አመሻሽ ላይ ቤታችን መጣ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኩራዝ አብርተን ተቀመጥን። አክስትሽ ፊደል አልቆጠረችምና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ምን ይላል?» አለችኝ። ልጆችን ማንበብ በማስተማር እንጀራ የምበላ መምህር፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች አይቼ፣ እንግዳውን የተጠራጠርሁት እንዳይመስል አፍሬ፣ «የምታውቂው ሰው መሆኑን ነው የሚለው፤ ፈርሚ» አልኋት። ነጋዴው አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ተጫነው። እሷም ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ሰማያዊው ቀለም ከነጠላው ሳይለቅ ለብዙ ጊዜ ቆይቷል። እኔም ከጣቷ አሻራ ሥር በምስክርነት ፈረምሁ። ሰውየው ዕዳውን ሳይከፍል ሲሰወር፣ በሁለተኛው ገጽ ላይ ዋስ የሆነችው እሷ መሆኗን ያወቅነው ከአበዳሪው መጥሪያ ሲደርሳት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ አንድም ቀን «አንተ ነህ ፈርሚ ያልኸኝ» ብላኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ አንቺ የጨመርሽብኝን ልንገርሽ። ባለፈው ፋሲካ በረንዳው ላይ ተቀምጠሽ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጮክ ብለሽ ስታጠኚ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት ፊርማ በውል አዋዋይ ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው የሚናገረውን አንቀጽ 1728ን አነበብሽ። እኔ ቡናዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ያ የኩራዝ ሌሊት ውል አዋዋይም ዳኛም አልነበረበትም፤ እኔና ነጋዴው ብቻ ነበርን። መፍትሔው ያን ሌሊትም የነበረ የታተመ ሕግ መሆኑን ስሰማ፣ ለምን ፊቴ እንደተለዋወጠ ጠይቀሽኝ «ፀሐይ ነው» ብዬሽ ነበር። ፀሐይ አልነበረም።

ስለ ወደፊት ሥራሽ የተነጋገርነውንም ሳስበው ከረምሁ። 8ኛ ክፍል ሳለሽ ዳኛ እሆናለሁ ትይ ነበር፤ እናትሽም ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በቴሌቪዥን ካየች ወዲህ ከዚያ ዝቅ ያለ ነገር መስማት አትፈልግም። ከኤክስተርንሽፕ፣ ከዚያ የተግባር ልምምድሽ፣ ተመልሰሽ ተከላካይ ጠበቃ መሆን እንደምትፈልጊ ስትነግሪን፣ «ሌባ ለማስለቀቅ ነው አምስት ዓመት የተማርሽው?» ያልሁሽ በቁጣ ነበር፤ ይቅር በዪኝ። አንቺ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 አንስተሽ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ተከሳሽ ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ጊዜ መንግሥት እንዲያቆምለት መብት እንዳለው አስረዳሽኝ፤ «ሌባ መሆኑ የሚታወቀው ከተከራከርን በኋላ ነው፣ አባዬ» አልሽኝ። ያን ጊዜ አላሳመንሽኝም። ያሳመነኝ ስትወጪ በሩ ላይ ሆነሽ የነገርሽኝ፣ የሰጠው ቃል ሳይነበብለት በጣቱ የፈረመው እስረኛ ነው። የሰውየውን መልክ ባላውቀውም፣ በሐሳቤ እጁን የሚጠርገው በነጠላ ጫፍ ነው።

እንግዲህ ተከላካይ ጠበቃ ሁኚ። እናትሽን እኔ እችላታለሁ። ነገር ግን ለሌላው «ሳይነበብለት ፈረመ» ብለሽ ችሎት ፊት የምትቆሚ ሰው፣ ራስሽ ያላነበብሽው ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። የፈረምሽባቸውን ውሎች ሁሉ ሰኞ ጠዋት ሄደሽ ቅጂያቸውን ጠይቂና አንድ በአንድ አንብቢ፤ ደላላው ቅጂ አልሰጥም ካለሽ ከዚያ ቤት በዚያው ውጪ። እስከ መውጫ ፈተናው ድረስ የሚበቃሽን ገንዘብ በባንክ አስገብቼልሻለሁ፤ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከደላላው ጋር የሚያቆይሽ ምክንያት እንዳይኖር ብዬ ነው። መነጽርሽን አሠሪ፤ ተሰንጥቆ በፕላስተር እንደታሰረ ወንድምሽ ነግሮኛል። ሌሊቱን ሙሉ አታጥኚ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው አንቀጽ ይደባልቃል።

ጥቁሩን ጃኬትሽን በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ፤ ዓርብ ከመናኸሪያ ተቀበዪ። በውስጥ ኪሱ በፖስታ የታሸገ ወረቀት አለ። የአክስትሽ የዋስትና ወረቀት ቅጂ ነው፤ እስካሁን ከእናትሽም ደብቄ በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ያስቀመጥሁት። ጊዜው አልፎበት እንደሆነ እገምታለሁ፤ ቢሆንም ሁለቱንም ገጽ አንብበሽ አንቀጽ 1728 ያን ጊዜ ያድናት ነበር ወይስ አያድናትም የሚለውን በጽሑፍ መልሺልኝ። ለአክስትሽ እስካሁን አልነገርኋትም። መልስሽ ሲደርሰኝ ይዤው ቤቷ እሄዳለሁ፤ የጻፍሽውንም እኔው አነብላታለሁ።

አባትሽ