ደብዳቤ ለልጄ፦ ከጉልበትሽ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስምንተኛው ሳምንት ላይ ነሽ

እማዬ፣

ወንድምሽ ትናንት ማታ ደወለ። መጀመሪያ ስለ ሥራው አወራ፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቹ አወራ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባዬ፣ እንዳልነገርኩህ ሁን" አለኝ። እኔ ዘንድ ምስጢር እንደማይበረክት እያወቀ። ክራንቹን ጥለሽዋል አሉ። ሁለት ካርቶን ሙሉ ሰነድ ተሸክመሽ የቤተ መዛግብቱን ደረጃ ወርደሻል አሉ። "ኧረ ቀስ በይ" ሲልሽ "አያመኝም እኮ!" ብለሽ ስቀሽበታል።

እንቅልፍ የነሳኝ ያ "አያመኝም" ነው። ቢያምሽ ኖሮ ተኝቼ አድር ነበር።

አትቸኩዪ። ማንበብሽን እዚህ ላይ ብታቆሚም የምለው ይኸው ነው።

ይህን ላንቺ መንገሬ ራሱ ያስቃል፤ የተማርኩት ካንቺ የዶክትሬት ጽሑፍ ረቂቅ ነውና። ሦስተኛው ምዕራፍሽ ላይ አሳምረሽ ጽፈሽዋል። ሐኪሙ ጉልበት ውስጥ የተበጠሰውን መስቀለኛ ጅማት ሊተካ ከቋንጃ ጅማት ይወስዳል፣ አራት እጥፍ ያጥፈዋል፣ አጥንት ውስጥ በተሰረሰረ ቀዳዳ አሳልፎ ያስረዋል። ያን ቀን ጅማቱ ብርቱ ነው፤ ማሽን ላይ ቢሳብ ከዋናው ይበልጣል። ግን ከቦታው ተነቅሎ የመጣ ነው፤ ደም የሚያደርስለት የለም። ውስጡ ያሉት ሕዋሳት ይሞታሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ አዲስ የደም ሥር ይገባዋል፣ አዲስ ሕዋሳት ይሰፍሩበታል፣ አሮጌውን ክር እያፈረሱ አዲሱን ይፈትላሉ። ሰው እየኖረበት ምሰሶው የሚቀየር ቤት በይው። ጅማቱ በጣም የሚደክመው ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ቁስሉ የሚድነው፣ እብጠቱ የሚጎድለው፣ ሕመሙ የሚጠፋውም በዚያው ሰሞን ነው። አየሽ ተንኮሉን? እግርሽ "ደህና ነኝ" የሚልሽ ጅማቱ በሳሳበት ሰዓት ነው።

አንቺ ስምንተኛው ሳምንት ላይ ነሽ። መቁጠር የምትችዪ ልጅ ነበርሽ።

እስቲ አሁን ያልኩሽን አድርጊ። ክራንቹን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አውጪው። ፊዚዮቴራፒስትሽ ተዪው እስክትልሽ ድረስ በር ላይ ይቁም። ደረጃ ስትወጪ ደህናው እግር ይቅደም፤ ስትወርጂ የታመመው። ካርቶን የሚሸከም ሰው ቤተ መዛግብቱ ውስጥ አይጠፋም፤ አፍ አለሽ፣ ጠይቂ። ተረከዝሽን የተጠቀለለ ፎጣ ላይ አድርገሽ ጉልበትሽን ማቃናቱን እንዳትተዪ። ቀጥ አይል ብሎ ከቀረ በኋላ የሚያስቸግርሽ እሱ ነው።

ስፖርቱን ደግሞ እርሺው። ለዘላለም አላልኩም፤ ለጊዜው። የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙትን የላክሽልኝ አንቺ ነሽ። ወደ ሜዳ መመለሱ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር፣ ጉልበቱ እንደገና የመጎዳቱ ነገር በ51 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ወር! በቀይ አስምረሽበት ነበር። ለማን ነበር ያሰመርሽው?

እናትሽ ከጎኔ ቆማ "እሷን መቆጣት ትተህ ስለ ጽሑፏ አንድ ጥሩ ነገር በላት" ትላለች። እሺ።

ሰዎች "ልጅህ ምን ታጠናለች?" ሲሉኝ እቸገራለሁ። የንግድ ድርጅቶች ታሪክ ብዬ እጀምራለሁ፤ ምህንድስና ይገባበታል፣ ሕክምና ይገባበታል፣ ዞሮ ዞሮ ጉልበት ላይ ያርፋል። "ታዲያ ዶክተር ልትሆን ነው?" ይሉኛል። አዎ፣ ግን መርፌ የማትወጋ። ቋንቋችንም አያግዘኝም። ጉልበት ስንል መገጣጠሚያውም ነው፣ ኃይሉም ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረውንም ጅማት ብለን እንገላገላለን። ቀዶ ሐኪሞቹን ስታነጋግሪ ግን ሁለቱን ለዪ፤ አለዚያ በአምስት ደቂቃ ይንቁሻል።

የወደድኩት የወንድማማቾቹን ክፍል ነው። ዊልሄልም ቬበር የፊዚክስ ሰው፣ ኤድዋርድ ቬበር የአካል ጥናት ሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1836 የሰውን አረማመድ አብረው አጥንተው መስቀለኛው ጅማት ሲቆረጥ ጉልበት እንዴት እንደሚላላ አሳዩ። አማካሪሽ "ሦስት ሙያ አንድ ላይ አይሆንም" ሲልሽ እነሱን ጥቀሺለት። ከእነሱም በላይ የወደድኩት እንግሊዛዊውን ቀዶ ሐኪም ሜዮ ሮብሰንን ነው። ሊድስ ከተማ በ1895 የአንድ የ41 ዓመት ማዕድን ቆፋሪ የተበጠሱ መስቀለኛ ጅማቶች ሰፋ። መቼ አሳተመው? በ1903። ሰውዬው ሥራው ላይ መሆኑን፣ እግሩም ብርቱ ነው ማለቱን ዓመታት ጠብቆ ካወቀ በኋላ። አንቺ በወሩ መጨረሻ ምዕራፍ ላስረክብ ነው ስትዪ እኔ የማስበው ስምንቱን ዓመት ነው።

አሁን ወደ መደምደሚያሽ። እዚህ ላይ አልስማማም።

ስለ ሰው ሠራሽ ጅማቶቹ የጻፍሽው ታሪክ ራሱ ልብ ይሰቅላል። ካርቦን፣ ዳክሮን የሚሉት የፖሊስተር ክር፣ ጎርቴክስ የሚሉት የተለጠጠ ቴፍሎን። ከቋንጃም ከጉልበት ሎሚውም ሥር ምንም ሳይቆረጥ፣ ከፋብሪካ የመጣ ገመድ ጉልበት ውስጥ ታስሮ ሰውየው ቶሎ ይነሣል። ቶሎ! የተሸጠው ነገር ክሩ አይደለም፤ ጊዜው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ውሰጂው፣ ስሜን ሳትጠሪ። የጎርቴክሱ ጅማት ሲሳብ ከሰው ጅማት በእጥፍ በላይ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1986 ፈቀደለት፤ ያውም ቀድሞ የተደረገላቸው ጥገና ላልያዘላቸው ሰዎች። በ1993 ከገበያ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤት ጥሩ ነበር። ከዚያ የአጥንቱ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ሳሳ፣ ፍቅፋቂው መገጣጠሚያውን አሳበጠው። ካርቦኑማ ተሰባብሮ ጥቁር ብናኝ ሆኖ ነበር የሚገኘው።

አንቺ ከዚህ ተነሥተሽ "ኩባንያዎቹ እያወቁ ሸጡ" ብለሽ ደምድመሻል። የት አገኘሽው? ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አሳይተሽኛል? የለም። የቅሬታ ፋይል? የለም። መሐንዲስ አነጋግረሻል? አንድም። እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ጠበቃቸው አይደለሁም። ግን አትቸኩዪ። የተዘጋ የምርት ክፍል መዝገቡን አሰናድቶ አይጠብቅሽም። ፓተንቶቹን እዪ፣ የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ሰነድ እዪ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ካለ እሱን። ያን ጊዜ የተከሉት ሐኪሞች አርጅተዋል፤ መጀመሪያ እነሱን ያዢ፣ ወረቀት ይጠብቅሻል። ከታካሚ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበዪ። ሰነዱን ከማንሳትሽ በፊት የአቃፊውን መለያ ፎቶ አንሺው፤ ባለፈው "ይህቺ ወረቀት ከየት ነበር የመጣችው" ብለሽ ያለቀስሽውን አልረሳሁትም። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጪ።

ምን ብለሽ እንደምትመልሺልኝ አውቃለሁ። የጎርቴክስ ፈጣሪው ቦብ ጎር! እ.ኤ.አ. በ1969 የጋለውን የቴፍሎን ዘንግ ቀስ ብሎ ሊለጥጠው ሲሞክር እየተበጠሰ እምቢ አለው። ተናደደና ባንዴ ነጠቀው፤ ወደ 800 በመቶ ተለጠጠ። "እሱ ባይቸኩል ጎርቴክስ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር" ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው። እጁ ላይ የነበረው ግን ዘንግ ነው። ያንቺ ጉልበት ነው።

ለመሐንዲሶቹ የማዝንበት ምክንያት አለኝ። የመሳብ ፈተና ቶሎ ያልቃል። ጉልበት ግን ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ያን መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ አልጠበቅኩም።

በወጣትነቴ የት እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ የመፈተሻ ክፍሉን፣ ዘይት ዘይት የሚሸተውን ሰማያዊ ካፖርቴን። የምንፈትሸው ዕቃ ማንሻ ላይ የሚገጠመውን የብረት ገመድ ነበር። ፈተናው ሁለት ነው። አንደኛው መሳብ፤ ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ እስኪበጠስ ትጎትቺዋለሽ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሁለተኛው ፑሊ ላይ፣ ማለትም ገመዱ በሚዞርበት መንኮራኩር ላይ፣ እየታጠፈ እየተቃና ሲመላለስ መጠበቅ፤ አሥራ አንድ ቀን። ያ ገመድ መሳቡን በደንብ አለፈ። በአራተኛው ቀን አለቃዬ መጣ። የደንበኛው መኪና በር ላይ ቆሟል። "እስካሁን የተበጠሰ ክር አለ?" የለም። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ "11 ቀን" የሚል የታተመ መስመር ነበር፤ ከሥሩ ፈረምኩ። እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎኝ ነበር። ነቀነቅኩት፣ መዳፌ ላይ ሞከርኩት፣ እንደገና ነቀነቅኩት። እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ለእስክሪብቶው የሚሆን ትዕግሥት ነበረኝ።

አምስት ወር አልሞላውም። የብረት ገመድ የሚያልቀው ከውስጥ ነው፤ ክሮቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ መሃሉ ይበላል፣ ላዩ ያበራል። ሰው አልሞተም። ጭነቱ የወደቀበት ሰው የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቀጠቀጠ።

እማዬ፣ ያ ሰው ቤታችን የሚመጣው ጋሼ ነው።

ስድስት ዓመትሽ ነበር። እሱ ገና ከሳሎን ሳይወጣ ተነሥተሽ እንደሱ እያነከስሽ ጠረጴዛውን ዞርሽ። ሁሉም ሳቀ፤ እሱ ራሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ። እኔ ጮኽኩብሽ። ክንድሽን ይዤ አስወጣሁሽ፣ በሩንም ዘጋሁት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ጮኼብሽ አላውቅም። ካደግሽ በኋላ ስንት ጊዜ ጠየቅሽኝ፤ "ነውር ስለሆነ ነው" እያልኩ አለፍኩት። ነውሩ ያንቺ አልነበረም።

ስለዚህ "እያወቁ ሸጡ" ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት፣ ማወቅ ማለት ምን እንደሆነ ደግመሽ አስቢ። እኔ አውቅ ነበር? ገመዱ እንደሚበጠስ አላውቅም ነበር። አሥራ አንድ ቀን እንዳልሞላ ግን አውቃለሁ። ለዚህ የሚሆን ቃል ካገኘሽ ጻፊው፤ እኔ ይኸው ፈልጌ አጣሁ። ለእኔ ብለሽ እንዳታለሳልሺው ደግሞ።

ይህን ለእናትሽ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ለመፈረም ቸኮልክ፤ ለመናገር ግን አልቸኮልክም" አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ሄደች። ገና አልተመለሰችም።

ለማንኛውም ጉልበትሽ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ፣ ቀጥ ሲልም ምን ያህል እንደሚጎድለው ጽፈሽ ላኪልኝ። በቁጥር እንጂ "ደህና ነው" እንዳትዪኝ። ክራንቹን በር ላይ አቁመሽ ፎቶ አንሺው። ሐኪምሽ ጋ የሚቀጥለው ቀጠሮሽ መቼ እንደሆነም ንገሪኝ፤ ካርቶኖቹን መሸከምሽን ሳትነግሪው እንዳትወጪ። ሌሊት መጻፉን ቀንሺ። አትቸኩዪ እማዬ፣ አትቸኩዪ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጋሼ ቀዶ ሕክምና ማድረግሽን ሰምቶ ስልክ ቁጥርሽን ጠይቆኛል። ክራንች ስለመያዝ ከየትኛውም ፊዚዮቴራፒስት በላይ ያውቃል፤ ሊያስተምርሽ አስቧል። አልሰጠሁትም፤ እሁድ ሄጄ መጀመሪያ እኔ ላናግረው። ከዚያ በፊት ቁጥርሽን ከወንድምሽ ወስዶ ቢደውልልሽ፣ ስለ እግርሽ አውሪው፣ ስለ ገመዱ ምንም እንዳታነሺ።

አባትሽ