ስለ ግቢው ሊሾ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከባለፈው ይሻላል። ለግቢው ሊሾ ብለሽ የላክሽው ብር ደርሶኛል፤ እጅሽን ይባርከው። ግን ልጄ፣ ሊሾውን አላስደረግኩትም። በስልክ ብነግርሽ እንደ ባለፈው ተነታርከን መስመሩ ይቋረጣል ብዬ መጻፍ መረጥኩ። ከሥራ ስትገቢ አረፍ ብለሽ አንብቢው።

የጭቃው ነገር እውነትሽን ነው። የቡራዩን ክረምት አውቀዋለሁ፤ ዩኒፎርምሽን ቀይ አፈር ሲበላው ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከእኛ በላይ ካሉት 9 ግቢዎች አፈር የሚታይባቸው 2 ብቻ ቀርተዋል። ሊሾ ያምራል፣ ለመጥረግ ይመቻል፣ እህል ይሰጣበታል። እኔም ደስ ብሎኝ ግንበኛ አነጋግሬ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የጉድጓዱ ገመድ ነው።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጉድጓዱን ያስቆፈረ ጊዜ 16 ክንድ ገመድ ይበቃን ነበር። በፋሲካ ሰሞን እንኳ ባልዲው ውኃውን ሲመታ ድምፁ ከላይ ይሰማ ነበር። አንቺ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ 4 ክንድ ቀጠልኩበት። ከዚያ 3። ጉድጓዱንም ሁለት ጊዜ አስጠለቅነው። አምና በግንቦት ሌላ 5 ክንድ ጨምሬ ስጥለው ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ። እርሻው እየጠፋ ቤቱ እየበዛ ሲሄድ፣ እያንዳንዷን ቋጠሮ በገዛ እጄ ቋጥሬያታለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ፣ ያ ውኃ ምሕንድስና የሚማረው፣ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ከእንጦጦና ከወጨጫ ሥር የሚሰርገው ዝናብ ከመሬት በታች ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ አቃቂ ላይ የከተማው ጥልቅ ጉድጓዶች ይስቡታል። እኛ እዚህ መሬቱን በሊሾ ስንዘጋው የምንነጥቀው የራሳችንን ጉድጓድ ብቻ አይደለም ማለት ነው። አጠገባችን ያለው ገፈርሳ በ1930ዎቹ ተገደበ፤ ከዚያ ለገዳዲ፣ ድሬ፣ የአቃቂ ጉድጓዶች ተጨመሩ። ይኸው ዛሬም ውኃ በፈረቃ ነው። የእኛ ተራ ሌሊት ስለሆነ ጀሪካን ደርድሬ እያንቀላፋሁ እጠብቃታለሁ።

በትምህርት ቤት ጉብኝት የሄድሽበትን የመናገሻ ሱባን ጫካ አስቢው። እግሬ ቅጠሉ ላይ እንደ ፍራሽ ሰመጠ ብለሽ ስትነግሪኝ ነበር። ዝናብ የሚገባው እንዲያ ባለ መሬት ነው። ያን ጫካ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ያኔ ለማን ብለው እንደተከሉት አስባለሁ፤ አንቺም እኔም ገና አልነበርንም።

ባለፈው «እማዬ፣ ዓለምን ያሞቁት ሀብታሞቹ ናቸው፤ የአንቺ ግቢ ምን ያደርጋል?» ብለሽኛል። እውነት ነው፤ አገራችን ወደ አየር የምትለቀው ጭስ ከዓለሙ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በደሉ ያንገበግበኛል። ዝናቡ ግን የሚወርደው እኛ ላይ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ከመቶ 7 እጅ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል አሉ፤ ስለዚህ ሲጥል ባንዴ ያወርደዋል። ሐምሌ ላይ ከላይ ካሉት ሊሾዎች የወረደው ጎርፍ የታችኛዋን ጎረቤታችንን ቤት ገብቶ ፍራሿን አንሳፈፈው። ውኃው ስንጠማ የምንፈልገው ያው ውኃ ነበር፤ ማረፊያ ስላሳጣነው አልፎን ሄደ።

ሲሚንቶውም ራሱ ቀላል አይደለም። የኖራ ድንጋይ በከፍተኛ እሳት ሲቃጠል፣ ከነዳጁ ጭስ ሌላ ድንጋዩ ውስጥ ታምቆ የኖረው ካርቦን ይወጣል። ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ከመቶ 7 ወይም 8 እጁ ከሲሚንቶ ነው። ቤት ያለ ሲሚንቶ አይሠራም፤ እሱን አልከራከርም። እኔ ለእግሬ ንጽሕና ብዬ ያን ሁሉ መሬት ላለብስ ግን ልቤ እምቢ አለኝ።

ብርሽን ምን አደረግሽው ትዪኝ ይሆናል። ለጣራው አሸንዳ አሠራሁ፤ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ገዛሁ። ጣራችን 60 ካሬ ነው፤ እዚህ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፤ ልጁ ሲያባዛው 72,000 ሊትር ሆነ። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ ብዙ ሺህ ጀሪካን ነው! ሮቶው ሲሞላ የሚተርፈው ድንጋይ ወደተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ይገባል። ሽንት ቤቱ በታች በኩል ስለሆነ ማስረጊያውን ከሱ አርቀን ከላይ አስቆፈርነው። ከበሩ እስከ በረንዳው ጠፍጣፋ ድንጋይ አራርቄ አስነጥፌያለሁ፤ በመሐሉ ሣር ወጥቷል። ጭቃ ሳትረግጪ ትገቢያለሽ።

ከብሩ ጥቂት ተርፏል፤ የግራውን አጥር ጥግ ወይራ እተክልበታለሁ፤ ችግኙን አይቼዋለሁ። ገመዱን ግን አላሳጠርኩትም፣ እንዳለ ሰቅዬዋለሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነሐሴ መጨረሻ ላይ እጥለውና ባልዲው በስንተኛው ቋጠሮ ላይ ውኃ እንደነካ እጽፍልሻለሁ።

እናትሽ